ቼክሽን ሳልመነዝር የመለስሁበት ምክንያት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽልኝን የ3 ሺህ ዶላር ቼክ ሳልመነዝር መልሼ በመላኬ ማዘንሽን ከወንድምሽ ሰምቻለሁ። «አባቴ ከእኔ መቀበል ነውር ሆነበት» ብለሻል አሉ። ነገሩ እንዲያ አይደለም፤ በስልክ ብነግርሽ እያቋረጥሽ ስለምትከራከሪኝ በጽሑፍ ላስረዳሽ ወደድሁ።

እንደምታውቂው በዲቪ ወደዚህ አገር ስመጣ ሃምሳውን አልፌ ነበር። ዋሽንግተን በፓርኪንግ ሥራ ብዙ ብደክምም፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት የሚጠየቀውን የ10 ዓመት ሥራ ሳልሞላ ጉልበቴ ከዳኝ። ስለዚህ ዜግነት አግኝቼ 65 ዓመት ሲሞላኝ የተፈቀደልኝ ጡረታ ሳይሆን ኤስኤስአይ፣ ማለትም ገቢውና ንብረቱ እጅግ አነስተኛ ለሆነ አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ የሚከፈለው ድጎማ ነው። ሁለቱም ከአንድ መሥሪያ ቤት ስለሚመጡ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል። ነገር ግን ጡረተኛው በገንዘቡ ያሻውን ሲያደርግ፣ እኔን የመሰለው ሰው ድሃ እንደሆነ መቆየቱን የባንክ ወረቀቱን እያቀረበ በየጊዜው ማስረዳት አለበት።

በፈረንጆቹ 2025 ለአንድ ሰው ይከፈል የነበረው ከፍተኛው የፌዴራል ድጎማ በወር 967 ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቤት መከራየት የማይታሰብ ስለሆነ፣ ከገቢዬ 30 በመቶውን ብቻ የምከፍልበት የአረጋውያን ቤት ወረፋ ባይደርሰኝ ኖሮ መውደቂያዬ የት እንደነበር አላውቅም። ሕክምናዬንም ሜዲኬይድ ስለሚሸፍንልኝ ምስጋና ቢስ አታድርጊኝ። ፉድ ስታምፕም፣ ማለትም የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጎማ አለኝ፤ በካርዱ ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ እገዛለሁ፣ የቀዘቀዘ ሳምቡሳም እገዛለሁ፤ ያው ሳምቡሳ ማሞቂያው ውስጥ ካለ ግን በካርድ መሸጥ ክልክል ነው። ባለሱቋ ይህን ስለምታውቅ ገና ከበር ስታየኝ «አባባ፣ ከቀዘቀዘው ላድርግልዎት?» ትለኛለች።

ገንዘቡ ማነሱን እችለዋለሁ፤ ከእጅ ወደ አፍ መኖር ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። የከበደኝ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ መከልከሌ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው፣ ከሚኖርበት ቤትና ከአንድ መኪና እንዲሁም ከዕቃው በቀር፣ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ሀብት ሊኖረው አይገባም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ከዚያ በላይ ከተገኘብኝ የዚያ ወር ድጎማ የለኝም፤ ሳያውቁ ከፍለውኝ ከሆነም ቆይተው ደርሰውበት መልስ ይሉኛል። በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ አዛውንት የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላቸው ገንዘቡን ባንክ ቢያስቀምጡት እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጣባቸው። ደብዳቤውን ያነበብሁላቸው እኔ ነበርሁ። ዕቁቡ ከኪሳቸው ያዋጡት የራሳቸው ገንዘብ መሆኑን ለማስረዳት ቢሞክሩም፣ ገንዘቡ በዚያ ቀን በስማቸው መገኘቱ ብቻ በቂ ሆኖ በየወሩ ከድጎማቸው ይቆረጥባቸው ጀመር። ከዚያ ወዲህ እኔም ዕቁብ ትቻለሁ። ለቀብሬ ለይቼ የማስቀምጠው እስከ 1,500 ዶላር ግን አይቆጠርብኝም፤ እንግዲህ ቆጥብ የተባልሁት ለዚያው ነው።

ይህ የ2 ሺህ ዶላር ጣሪያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። ከሌላ ገቢ ላይ ሳይቆጠር የሚታለፈው 20 ዶላር ደግሞ ክፍያው ከተጀመረበት ከጃንዋሪ 1974 አንሥቶ ያው ነው። አንደኛው የደርግ ዘመን፣ ሌላው ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ሳሉ የወጣ ሒሳብ ነው ማለት ነው፤ የቤት ኪራዩና የእንቁላሉ ዋጋ ግን የዘንድሮ ነው።

አሁን ወደ ቼክሽ ልመለስ። ብመነዝረው ኖሮ 3 ሺህ ዶላሩ የዚያ ወር ገቢዬ ተብሎ ድጎማዬ በሙሉ ይቀር ነበር፤ በሚቀጥለው ወር መግቢያ ከ2 ሺህ በላይ ከተረፈኝም ሌላ ወር ይከተላል። «እንግዲያውስ በየወሩ 200 ልላክ» እንዳትይ፤ 20ው ታልፎ 180ው ከድጎማዬ ስለሚቀነስ የምትደጉሚው እኔን ሳይሆን መንግሥትን ይሆናል። ቅዳሜና እሁድ ልሥራ ብልም ሌላ ገቢ ከሌለኝ 85 ዶላር ታልፎልኝ ከዚያ በላይ ያለው ግማሹ ይነሣል፤ ይህስ ፍትሐዊ ነው፣ ጉልበቱ ግን የለኝም። ከእናንተ ቤት ገብቼ ያለ ኪራይ ልኑር ብል ደግሞ፣ የቤቱን ወጪ ድርሻዬን ካልከፈልሁ ድጎማው እስከ ሲሶው ድረስ ሊቀነስ ይችላል። ልጅ አባቱን መጦሩ እንደ ገቢ መመዝገቡ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ከጥምቀት እስከ ፋሲካ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ እንድከርም ያሰብሽልኝም በዚሁ ምክንያት አይሆንም። ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን የቆየ ሰው ክፍያው ይቋረጥበታል፤ ተመልሶም 30 ተከታታይ ቀን እዚህ ሳይቀመጥ አይቀጥልለትም። እዚያ ያሉት ዘመዶቻችን ይህን ሲሰሙ «የአሜሪካ ሰው በቀን ተቆጥሮ ነው የሚፈታው?» ብለው ስቀውብኛል፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ስለዚህ ልትረጂኝ ከፈለግሽ እንዲህ አድርጊ። ገንዘብ በእጄም በባንኬም አታስገቢ። የስልኬን ክፍያ አንቺው በቀጥታ ለኩባንያው ክፈይ፤ ይህ እንደ ገቢ አይቆጠርብኝም። ሰው የሚሰጠኝ ምግብም ከሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ጀምሮ መቆጠሩ ስለቀረ በርበሬውንም ሽሮውንም ሳትሰስቺ ላኪልኝ። ጉዞውን ለሦስት ሳምንት ካደረግሽልኝ ለጥምቀት እደርሳለሁ፤ ቲኬቱን አንቺው ቁረጪው፣ የመመለሻው ቀንም እንዳይገፋ አደራ። ወንድምሽም ይህን ደብዳቤ እንዲያነብ ስጪው፤ በልደቴ ቀን ፖስታ ኪሴ ውስጥ መክተት ይወዳል።

አባትሽ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ