በገበያ ቀን የሚሸጠው የእንስሳት መድኃኒትና የዱለታችን ጉዳይ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ በግና ፍየል አርብቼ የምተዳደር የዘወትር አንባቢያችሁ ነኝ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ በገበያ ቀን ከጨውና ከሳሙና ጎን በጆንያ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ እኛ «ኦክሲ» የምንለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው።

እኔም ከጥፋቱ ነጻ አይደለሁም። በግ በሳለ ቁጥር በግምት ወግቼ፣ ሲሻለው የቀረውን ለሌላው አስቀምጫለሁ። ፔኒሲሊንን ያገኙት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ገና በ1945 እ.ኤ.አ. በኖቤል ንግግራቸው ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነበር፤ መጠኑ ያነሰ መድኃኒት ተህዋሲያኑን ሳይገድል ያለማምዳቸዋል። ከዚህም በላይ፣ መንጋችንን የሚፈጁት ደስታ መሰልና ፈንጣጣ የቫይረስ በሽታዎች ስለሆኑ፣ በረግረግ ግጦሽ የሚይዘው የጉበት ትልም ትል ስለሆነ፣ ኦክሲ አይነካቸውም። የሚነካው በአንጀት የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ነው፤ ደካሞቹ ሲያልቁ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ቦታውን ይይዛሉ፣ የመቋቋሚያውንም ዘረ መል ለሌሎች ባክቴሪያዎች ያስተላልፋሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሲምታታ እሰማለሁ። መድኃኒት መቋቋም አንድ ነገር ነው፤ በሽታ የማምጣት ኃይል ሌላ ነው። በበግና በፍየል አንጀት ከሚገኘው ኢ. ኮላይ ከተባለ ባክቴሪያ አብዛኛው ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ዝርያ ግን ሺጋ የሚባለውን መርዝ ያመነጫል፤ በጉ ምንም ሳይታመም ተሸክሞት ይኖራል፣ ወደ ሰው ሲሻገር ግን ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ በሕፃናት ላይም የኩላሊት መድከም ሊያስከትል ይችላል። ሁለቱ ጠባዮች በአንድ ባክቴሪያ ላይ ሊገናኙ መቻላቸው ያስፈራል። ይባስ ብሎ በዚህ ዓይነቱ ተቅማጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መስጠት የመርዙን መውጣት ሊያባብሰው ስለሚችል፣ ከመደርደሪያ የተረፈ ካፕሱል ለልጅ ማስዋጥ ትልቅ ስሕተት ነው።

መሻገሪያውም ሩቅ አይደለም። ጉሮኖው ከመኝታችን ጥግ ነው፤ በጠጡን በእጃችን እንጠርጋለን፤ በፋሲካ ደግሞ ጨጓራው በግቢ ታጥቦ፣ ጉበቱ በዚያው ቢላዋ ተከትፎ፣ ዱለቱ ለብለብ ብሎ ይቀርባል። ዱለት ይቅር አልልም፣ ብልስ ማን ይሰማኛል? ቢላዋና መክተፊያው ግን ይለይ፣ ዱለቱም በደንብ ይብሰል።

የእንስሳት መድኃኒት ንግድ በአዋጅ ቁጥር 728/2004 ፈቃድ የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ የገበያው ጆንያ ግን እንደተዘረጋ ነው። የሚመለከታቸው የወረዳ ኃላፊዎች በገበያ ቀን ወጥተው ይመልከቱ፤ የእንስሳት ሐኪሞቻችንም የትኛው መድኃኒት በአካባቢያችን እንደማይሠራ በላቦራቶሪ የሚያውቁበት መንገድ ይመቻች። ከተወጋ በግ ሥጋ ስንት ቀን መታቀብ እንደሚገባ የሚገልጸው ጽሑፍ በጠርሙሱ ላይ በደቃቅ የባዕድ ፊደል የሰፈረ በመሆኑ፣ ሻጩም ገዢውም ስለማያነቡት፣ በአማርኛ እንዲለጠፍ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አርቢ፣ ከመንዝ