ፍሎፒህ ተከፈተ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ልጆቹ አደጉ? እማማስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን ስንገናኝ እንከራከርበታለን፤ ዛሬ ለሌላ ጉዳይ ነው የጻፍኩልህ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባን ቆየን። ሳይፈታ የቀረ ካርቶን ውስጥ የአንተን ፍሎፒ ዲስኮች አገኘሁ። ሰርግ ለሰርግ ስንዞር የሙዚቃ ኪቦርዱ ላይ የምትሰካቸውን። በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ተውሼ ሞከርኳቸው። አንዳንዶቹ ሞተዋል። የተረፉት ላይ ያሉት ሁሉም የሚዲ ፋይሎች ናቸው። ሚዲ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ መሠረቱ እስካሁን ያው ስለሆነ የዛሬ ላፕቶፕም ያለ ጣጣ ያነበዋል።

ግን የወጣውን ድምፅ ብትሰማ! ማሲንቆ ብለህ የተጫወትከው ቀጭን ቫዮሊን ነገር ሆኖ ቁጭ። ልጄ ሰምቶ «አባዬ፣ ፋይሉ ተበላሽቷል» አለኝ። አልተበላሸም። ሚዲ ውስጥ ድሮም ድምፅ የለም። የድጓ ምልክት ታውቅ የለ፣ ከፊደሉ በላይ በትንንሹ የሚጻፈው? ምልክቱ ብራናው ላይ ነው፣ ዜማው ግን መሪጌታው ጉሮሮ ውስጥ ነው። ፋይልህም እንደዚያው ነው። የትኛውን ቁልፍ መቼ ነካህ፣ ከ127 በስንት ጉልበት መታህ፣ መቼ ለቀቅህ፣ ድምፁን የምታንሸራትተውን የጎን ጎማ እንዴት አዞርክ፤ የያዘው ይህንን ብቻ ነው። ጉሮሮውን ኮምፒውተሩ ከራሱ ያመጣል። የመሣሪያዎቹ መደበኛ ዝርዝር ደግሞ 128 ድምፅ ሲኖረው ክራርም ማሲንቆም የሉበትም። ለማሲንቆ የሚቀርበው 111ኛው ነው፤ እሱም የፈረንጅ ፊድል ነው።

ስለዚህ ወደ እውነተኛ ቅጂ ልለውጣቸው ተነሳሁ። መጀመሪያ ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ሞከርኩ። ሚዲው ሲጫወት ከላፕቶፑ የሚወጣውን ድምፅ እዚያው ቀጥታ ይቀዳል። ይሠራል፤ ነገር ግን ዘፈኑ ሙሉውን እስኪጫወት ትጠብቃለህ። መሃል ላይ የቴሌግራም መልእክት ከገባ «ጢንግ»ዋም አብራ ትቀዳለች። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ የሞተ ስለሆነ መብራት ከሄደ ቅጂው አለቀለት። የሰፈራችንን መብራት እኔ አልነግርህም።

አሁን የያዝኩት ፍሉይድሲንዝ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ሚዲውንና ሳውንድፎንት የሚሉትን፣ የመሣሪያዎቹን ድምፅ የያዘ ፋይል ትሰጠዋለህ፣ ምንም ሳያጫውት በቀጥታ ዋቭ፣ ማለትም እውነተኛ የድምፅ ፋይል፣ አድርጎ ይጽፍልሃል። የአምስት ደቂቃ ዘፈን በሰከንዶች ያልቃል። በ44100 ኸርዝ፣ 16 ቢት ስቴሪዮ ለደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ስትልከው ኤምፒስሪ ታደርገዋለህ። ሙዝስኮርን ግን አደራ እንዳትሞክረው። ለኖታ ጽሑፍ የተሠራ ስለሆነ ሚዲውን ሲከፍት ምቱን ያስተካክለዋል። አዝማቹ ላይ ትንሽ ዘግየት ብለህ ሾልከህ የምትገባዋን ነገር ያጠፋታል። እሷ ከጠፋች እኔ ምን አደርግለታለሁ?

ክራሩን ራሳችን ሠራነው። ከላያችን ያለው ፎቅ ላይ ክራር የሚጫወት ጎረምሳ አለ። አንድ ሌሊት ከፈጣን መንገዱ መግቢያ የሚመጣው የከባድ መኪና ድምፅ ጋብ ሲል፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ስድስቱን አውታር አንድ በአንድ ቀዳን። አንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዴ ጠንከር አድርጎ፣ ድምፁ ራሱ እስኪሞት ድረስ ሳንተነፍስ። ባለቤቴ «ሌባ ነው የመሰላችሁት» እያለች ሳቀችብን። ቅጂዎቹን ፖሊፎን በሚባል ፕሮግራም ሰብስበን ሳውንድፎንት አደረግናቸው። አሁን የባቲህ አጃቢ ክራር ነው። የእውነት ክራር! የመታህበት ጉልበት ፋይሉ ውስጥ ስላለ ለስላሳው ለስላሳ፣ ጠንካራው ጠንካራ ሆኖ ወጥቷል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስማው።

ያስቸገረኝ አንቺሆዬው ነው። እንደምታውቀው የአንቺሆዬ ድምፆች በኪቦርዱ ቁልፎች ልክ አይቀመጡም፤ አንተም ጎማዋን እያዞርክ ነበር የምታመጣቸው። ፋይሉ ጎማዋ ምን ያህል እንደዞረች ይዟል። ሙሉ ስትዞር ድምፁ ምን ያህል ይሂድ የሚለው ግን ኪቦርዱ ላይ የምትሞላው ሌላ ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ አልገባም። ካልተነገረው ኮምፒውተሩ ሁለት ብሎ ይወስዳል፤ በግማሽ ቶን ማለትም ከአንዱ ቁልፍ እስከሚቀጥለው ባለው ርቀት ሲቆጠር። በዚያ ሳጫውተው ማሲንቆው ተንሸራትቶ መድረስ ያለበት ቦታ ሳይደርስ ይቀራል፣ ጆሮ ያሳክካል። አምስትም ሰባትም ሞከርኩ። ሰባት ላይ መግቢያው ልክ ይመጣና መዝጊያው ያልፋል።

ስንት ላይ ነበር የምታደርገው? ወይስ መሃል ላይ ትቀይረው ነበር? ኪቦርዱ አሁንም ካለህ ሜኑውን ከፍተህ እየውና ቁጥሩን በቴሌግራም ላክልኝ። ለቤተሰብ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያንተው ወንድምህ