ለጋሼ፣ ስለ አክሲዮኑ ጉዳይ

ቨርጂኒያ፣ ሚያዝያ 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ተፈራ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የአስቴርን የሠርግ ገንዘብ ልኬአለሁ፤ ባንክ ጠይቁ። አሁን ወደ ቁጣህ ልምጣ።

«ገንዘብህን በቁማር ልትጨርሰው ነው» ማለትህ አንገብግቦኛል። አክሲዮን በጃንሆይ ጊዜ አገራችንም ይሸጥ ነበር እኮ! የገዛሁት አይኦሜጋ የሚባል የዩታ ኩባንያ ነው፤ ዚፕ የሚሉትን የኮምፒውተር ፋይል ማስቀመጫ ይሠራል። ፍሎፒ ዲስክ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ሲሆን የዚፕ አንዷ ዲስክ 100 ትይዛለች።

በወሬም አልገዛሁም። ኮምፕዩኤስኤ የሚባለው መደብር ገብቼ መደርደሪያውን አያለሁ። ባዶ ሆኖ ሳገኘው ወዲያው ደስ አይለኝም፤ ዕቃው ተሸጦ ሊሆን ይችላል፣ ከፋብሪካው ሳይመጣም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቼ እንደገባ ሻጩን እጠይቃለሁ፤ የተፎካካሪው የሳይኩዌስት ዕቃ ሳይነካ ተከምሮ እንደሆነም አያለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ዲስኮቹን ነው የምከታተለው። ዲስኩ የሚገባበትን መሣሪያ በ200 ዶላር ገደማ የወሰደ ሰው ሌላ መሣሪያ አይገዛም፤ ዲስኩ ሲሞላበት ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ዋናው ትርፍም ያለው እዚያ ነው። ኩባንያው ሒሳቡን የሚያወጣው በየሦስት ወሩ ነው፤ መደርደሪያውን ግን ማንም ገብቶ ያያል። እርግጥ አንድ መደብር አሜሪካን አያክልም፤ ሌላ ከተማ ያሉ ወዳጆቼንም እዩልኝ እላለሁ።

የገባበት ገንዘብ የትርፍ ሰዓት ክፍያዬ ነው፤ ከእናንተ ድርሻ አልነካሁም። ሥራው ቀላል ነው፣ አታስብ። ሌሊት ስለሆነ ቀን መደብር ለመዞር ይመቸኛል፤ ቤት ገብቶ ብቻ ከመቀመጥም ይሻላል።

ያቺ ጫማዬን እየደበቀች ከትምህርት ቤት የምታስረፍደኝ ልጅ ሙሽራ ሆነች? ልጁ ዝምተኛ ነው ብለሃል። ዝምታውን ተወውና ስትቆጣ ይችላት እንደሆነ ጻፍልኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ባይዘገይ በሩ ላይ ቆሞ «አናስገባም» የሚለው እኔ ነበርኩ፤ አንተ ፊትህ አይጨክንም፣ ቶሎ ታሳልፋቸዋለህ። እባክህ ትንሽ አቁማቸው። ሠርጉንም በቪዲዮ አስቀርጽልኝ፤ የእማዬን ፊት በደንብ ያንሡት።

የደም ግፊት መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ አደራ። አክሲዮን የሚባል ነገር አታንሣባት። የት እንደምውል ከጠየቀችህ፣ ኮምፒውተር መደብር ነው በላት፤ ውሸት አይደለም።

ወንድምህ ዳዊት