«እማ፣ አትቆጪ እሺ?»

ለክቡር አዘጋጅ፣

ልጆችን ኢንተርኔት ላይ ከሚያጠምዷቸው ሰዎች ስለመጠበቅ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ምክሩ ጥሩ ነው። ፓስወርዱን እወቁ፣ ሰዓት ገድቡ፣ የማያውቀው ሰው አካውንቱን እንዳያይ አድርጉ ይላል። እኔ ይህን ሁሉ አድርጌ ነበር። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ አይገኝም።

ልጄ 14 ዓመቱ ነው። አንድ ማታ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ መጥቶ የመኝታ ቤቴ በር ላይ ቆመ። ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዞታል። «እማ፣ አትቆጪ እሺ?» አለኝ። ምን ብል ጥሩ ነው? «ደግሞ ምን አድርገህ ነው?!» ብዬ ጮህኩበት። «ምንም፣ ቻርጀሬ ጠፍቶብኝ ነው» ብሎ ተመለሰ። እውነቱን የሰማሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ያን ሁለት ቀን እንዴት እንዳሳለፈው እስካሁን ልጠይቀው አልደፈርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌም ላይ የተዋወቃት «የ15 ዓመት ልጅ» ወደ ሌላ መተግበሪያ ወሰደችው። አወሩ፣ ተሳሳቁ። የራሷ ነው ያለችውን የእርቃን ፎቶ ቀድማ ላከች፤ «ያንተስ?» አለችው። ላከ። ወዲያው ልጅቷ ጠፋች፤ በምትኩ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰውዬ መጣ። የልጄን ተከታዮች ዝርዝር ስክሪንሹት አድርጎ ላከለት። የኔ ስም ላይ ቀይ ክብ አድርጎበታል። «10 ደቂቃ ሰጥቼሃለሁ፣ ካልሆነ ለእናትህ ነው የምልከው።»

ይሄ በብዙ አገር የታወቀ የወንጀል ስልት ነው። ገንዘብ ፈልገው የሚያስፈራሩት ደግሞ በአብዛኛው በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ልጆችን ነው። እኛ «ሴት ልጅሽን ጠብቂ» እየተባልን አድገን ወንዱን ማን ይነካዋል ብለን ተኝተናል።

ሰውዬው ለፖሊስ እሰጥሃለሁ አላለም። ለትምህርት ቤትህ አላለም። ያስፈራራው በኔ ነው። እኔም ያን ማታ በጩኸቴ አገዝኩት።

ሁለተኛው ጥፋቴ ይብሳል። ነገሩን ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ስልኩን ነጥቄ ቻቱንም ፎቶውንም ጠራርጌ አጠፋሁት። ገመና መሸፈኔ ነበር። የሰውዬው የአካውንት ስም፣ ገንዘብ ላክበት ያለው ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም አብሮ ሄደ። ልክሰስ ብልስ በምን ማስረጃ?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ነፃ አገልግሎት እንዳለ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። የሚያንቀሳቅሰው በአሜሪካ የጠፉና ለብዝበዛ የተጋለጡ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል ነው። 18 ዓመት ሳይሞላው የተነሳ እርቃን የሚያሳይ ፎቶ እንዳይሰራጭበት ለሚሰጋ ሰው የተዘጋጀ ነው። ፎቶው ከስልኩ አይወጣም። እዚያው ስልኩ ላይ የፎቶው ዲጂታል አሻራ፣ ማለትም ፎቶውን የሚለይ ኮድ፣ ይወሰድና አሻራው ብቻ ይላካል። እንደ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያሉ አብረው የሚሠሩ ድርጅቶች በዚያ አሻራ እየፈለጉ ፎቶውን ከገጻቸው ያስወግዳሉ። ስም አይጠይቅም። በተመሰጠረ ቻት፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ሌላ በማያየው፣ ውስጥ የሚዞረውን ግን አያገኘውም። አሻራ ለመውሰድ ደግሞ ፎቶው መኖር አለበት። እኔ አጥፍቼዋለሁ።

ገንዘብ አልከፈልንም። ለዚህም የሚመሰገነው የልጁ አጎት ነው፤ «አንዴ ከቀመሰ ነገም ይመጣል» አለን። እስከዛሬ ፎቶውን አየሁ ያለን ሰው የለም። ያም ሆኖ ለሳምንታት ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድው ይል ነበር።

ልመናዬ ይኸውላችሁ። ሌላ ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ፣ ጨለማ ውስጥ ስልክ ላይ ያፈጠጠ ልጅ ፎቶ የምታወጡበትን ቦታ ለዚያች ሌሊት ስጡልን። አትክፈሉ። አታጥፉ። የቻቱንና የአካውንቱን ስክሪንሹት ያዙ፤ ከዚያ ለመተግበሪያው ሪፖርት አድርጉና ብሎክ፤ ለፖሊስ አመልክቱ። ፎቶውን «ምን ይሻላል?» ለማለት እንኳ ለዘመድ አትላኩ። ልጁን ያን ሌሊት ብቻውን አታሳድሩት። ይሄን ሁሉ ደግሞ ምንም ሳይፈጠር፣ እራት ላይ፣ «እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣብህ አልቆጣህም» ብሎ መናገር ይቻላል። እኔ አልተናገርኩም።

አሁን ቤታችን ስልክ የሚያድረው ሳሎን ነው። ሕጉን ሳወጣ ልጄ «ያንቺስ?» አለኝ። የኔም እዚያው ያድራል።

አንዲት እናት
(ስሜ እንዳይወጣ አደራ)