ነጩ ቀለም እስኪደርቅ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ናሆም ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀው «ሰላም አያቴ» ለማለት ይታገላል፤ እሑድ ስደውል ትሰሚዋለሽ።

የዓይንሽ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሐኪሙ ሞራው ይገፈፍ ሲል «ከመስቀል በኋላ» ብለሽ ወደ ቤት ተመልሰሻል። አምናም ከመስቀል በኋላ ብለሽ ነበር።

ባለፈው ወር እዚህ ለንደን የሠዓሊ ታደሰ መስፍንን የዘይት ቀለም ሥዕል አየሁ። እሳቸው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ተማሪ ነበሩ፤ በኋላም በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተምረዋል። የሚሥሉት የጉልት ሴቶችን ነው። ተከታታይ ሥራቸውን «የሕይወት ምሰሶዎች» ብለውታል። ሴቶቹ ቀጥ ብለው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዓምድ ረዝመው ይቆማሉ። ከኋላቸው ላስቲኩም ጭቃውም የለም፤ ገበያው ወደ ሰፋፊ ቀለም ሟሙቷል።

ከፊቱ ቆሜ የስምንተኛ ክፍሉ የወላጆች ቀን ትዝ አለኝ። ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ ደርድረሽ፣ የተልባውን ጣሳ ይዘሽ በእርሳስ ሥዬሽ ነበር። መምህሬ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። አንቺ ግን ገና ስታዪው አውርደሽ ቀደድሽው፤ ቁራጮቹን በነጠላሽ ጫፍ ቋጠርሽ። «ጉስቁልናዬን ለሰው አሳየሽው» አልሽኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው፤ አንድም ቀን አላነሳነውም።

እማዬ፣ እኔ ጉስቁልና አልሣልኩም። ጣሳው ሞልቶ ካበቃ በኋላ ለሁሉም ሰው፣ ለሚነጫነጨውም ጭምር፣ ምራቂ የምትጨምሪበትን እጅ ነበር የሣልኩት። እንዴት አላየሽውም? ቁራጮቹን ለምን እንዳልጣልሽ፣ ለምን እንደቋጠርሽም እስከ ዛሬ አልጠየቅሁሽም።

እኔ የምሠራበት ቀለም በምን እንደሚለወስ ነግሬሽ አላውቅም። በተልባ ዘይት ነው። አንቺ ቆልተሽ፣ ወቅጠሽ፣ ለጾም በጥብጠሽ ያጠጣሽን ተልባ እዚህ ሳይቆላ ይጨመቅና ከቀለሙ ዱቄት ጋር ይዋሐዳል። እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየሩ ኦክስጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠጥራል። የመጀመሪያው ቅብ ስስ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት መሆን አለበት፤ ከተገላበጠ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ቡናማው የአፈር ቀለም በሁለት ቀን ሲደርቅ ነጩ ሳምንት ያስጠብቃል፤ ለነጠላሽ ደግሞ ብዙ ነጭ ያስፈልገኛል። ወፈር ያለ ሥዕል ቫርኒሽ እስኪቀባ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆያል። ዘይት አይቸኩልም። የቸኮልኩት እኔ ነኝ። ሥዕሉ ደርቆ፣ ተሰቅሎ፣ በገዛ ዓይንሽ እንድታዪው እፈልጋለሁ።

በጥር እመጣለሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ በረንዳው ላይ ትቀመጪልኛለሽ። ፊቴን አትሣዪ ካልሽ እጅሽን ብቻ እሥላለሁ። ሽታው አስምሽን እንዳይቀሰቅስብሽ ቀለም ማቅጠኛውን ተርፐንታይን ቤት አላስገባም፤ የመጀመሪያውን ቅብ በጨርቅ እያሻሸሁ አሳሳዋለሁ። ያን ጨርቅ ግን ማንም ጠቅልሎ ጥግ እንዳይጥለው ለቤቱ ሰው ሁሉ ንገሪልኝ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተከምሮ ሲቀመጥ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሳ ይችላል፤ ውኃ ውስጥ ይነከር።

ከዚያ በፊት ግን ዓይንሽ። ቀጠሮው በኅዳር መጨረሻ ተይዟል፤ ገንዘቡንም ለእህቴ ልኬያለሁ። የነቢያት ጾም ነው እንዳትዪኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳን እሺ በይኝ።

የተልባዋ ጣሳ አለች አይደል? ለማንም እንዳትሰጪያት።

ልጅሽ