በሩ ከመዘጋቱ በፊት

ይድረስ ለወዳጄ ይማም፣

እንደምን ከረምክ? እናትህ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና? ደሴና ኮምቦልቻ እንዲህ ቅርብ ሆነው ሳለ ይህን ያህል መጠፋፋታችን ደግ አልነበረም። ዛሬ ያጻፈኝ የእናንተ ነገር ነው፤ የደመወዙ ድርድር ተበላሽቶ አሠሪያችሁ «ካልፈረማችሁ በሩን እዘጋለሁ» ማለቱን ሰማሁ። አብሽር። በር መዝጋት ማባረር አይደለም። ሠራተኛው ከተበተነ ግን ወደ ማባረር ሊዞር ይችላል፤ የሠራተኛ ማኅበራችሁ አጥብቆ መጠበቅ ያለበት ይህን ነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛው ሥራ ማቆምን፣ ለአሠሪውም ሥራ መዝጋትን ፈቅዷል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ በስም የጠራው ግን ሥራ የማቆም መብትን ብቻ ነው። አሠሪው ታዲያ አንድ ቀን ተነስቶ ቁልፍ አይቆልፍም። ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ምክንያቱን ገልጾ ለእናንተም፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ለሚያየው የመንግሥት ቢሮም ማሳወቅ፣ ጉዳዩንም በማስማማት ለመጨረስ መጣር አለበት። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ላዩ ላይ ያለውን ቀን አትመኑ፤ ቀኑ ወደ ኋላ ተጽፎ ይመጣል። የተቀበላችሁበትን ቀንና ሰዓት ቅጂው ላይ ጽፋችሁ ፈርሙ፤ ቢሮው ዘንድም ገቢ የሆነበትን ቀን ከመዝገብ አረጋግጡ።

ክርክሩ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ከቀረበ በኋላ፣ ቦርዱ ሳይወስን 30 ቀን እስኪያልፍ ድረስ በሩን መዝጋት ሕገ ወጥ ነው። እናንተንም ሥራ ከማቆም ያግዳችኋል። እኔን ብትጠይቀኝ አሁን የሚበጃችሁ ይኸው ነው፤ ሁለታችሁን የሚያስማማው ሰው ካልተሳካለት አንድ ቀን ሳታሳድሩ አቤቱታችሁን አስገቡ።

ሌላም መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። አሠሪው ሥራ ዘጋሁ ሳይል «ገንዘብ አጠረኝ» ብሎ ውላችሁን ሊያግድ ይችላል። ለዚህ ችግሩ በእሱ ጥፋት ያልመጣና ሥራውን ቢያንስ 10 ተከታታይ ቀን የሚያስቆም መሆን አለበት፤ በ3 የሥራ ቀን ውስጥም ለቢሮው በጽሑፍ ያሳውቃል። ቢሮው በ3 የሥራ ቀን መልስ ካልሰጠ እንደተስማማ ስለሚቆጠር፣ ተቃውሟችሁን በእነዚያ ቀናት ውስጥ አስገቡ። እገዳው ቢፈቀድም ከ90 ቀን አያልፍም። ጥሬ ዕቃ ጠፋ የሚል ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ ለሥራ ተዘጋጅቶ የመጣ ሠራተኛ ዕቃ ስላልቀረበለት ሳይሠራ ቢውል ደመወዙ አይቀርበትም።

በሩ የተዘጋ ዕለት እያንዳንዱ ፈረቃ በሰዓቱ በር ላይ ይገኝ። ለየክፍሉ አንድ አንድ ወረቀት አዘጋጁ፤ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የደረሰበት ሰዓት፣ ፊርማ። ግርጌው ላይ «ለሥራ ቀርበን በሩ ተዘግቶ አገኘነው» ብላችሁ ጻፉ። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ከቁልፉ ጋር ፎቶ አንሱ፤ ከማኅበሩ ውጭ ያሉ ሁለት ሦስት ምስክሮችም ይፈርሙ። ወረቀቱ በየቀኑ ይደገም፤ ቅጂው ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው የስንብት ቅድመ ማስታወቂያ እንኳ ሳያገኝ ሊሰናበት ይችላል። ጊዜው አጨዳ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ግማሹ ወደ ቃሉ ወረዳ፣ ግማሹ ወደ ወረባቦ ለእርሻ ይወርዳል። «ቀሩ» ለማለት ከዚህ የተመቸ ምን አለ?

በር ላይ «ግባ፣ ይህን ፈርም» ተብሎ የሚዘረጋ ወረቀትም አለ። አዲስ የቅጥር ውል ከሆነ የቆየውን የአገልግሎት ዘመን ሊያስበላ ስለሚችል ማንም ብቻውን አይፈርም። ድንጋይ የሚወረውር ጎረምሳ ካለ ቀድማችሁ ያዙት፤ ኃይል የተቀላቀለበት እንቅስቃሴ ሕገ ወጥ ስለሚሆን ለአሠሪው ትልቅ ስጦታ ነው። ቦይለሩን (የእንፋሎት ማፍያውን) ማን እንደሚጠብቅም ከወዲሁ ተስማሙ፤ የደህንነት ጥንቃቄ በሥራ ማቆምም በመዝጋትም ጊዜ ግዴታ ነው።

ያልተከፈለ ደመወዝ መከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ካልተጠየቀ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል። ተባርሮ ወደ ሥራው መመለስ የሚፈልግ ሰው ያለው 3 ወር ብቻ ነው። «ሽማግሌ ገብቷል፣ እንጠብቅ» እያሉ ይህን ጊዜ የሚያስበሉ አሉና፣ ሽምግልናው ይቀጥል፣ ክሱም በጎን ይግባ።

የኅብረት ስምምነታችሁን ሙሉ ቅጂ በፍጥነት ላክልኝ፤ ስለ ክርክር አፈታት የሚናገረውን ክፍል ማየት እፈልጋለሁ። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ዱዓቸውም አይለየን።

ወንድምህ፣ ከደሴ