ጉዳዩ፦ ‹‹ቴስተር አይዋሽም›› ተብሎ ስለተመለሰልኝ ጊታር

ለሙዚቃ መሣሪያ መሸጫና ጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ሀዋሳ

ጤና ይስጥልኝ።

የሥራ ትዕዛዙ ቅጂ እጅዎ ላይ ስላለ፣ አዲስ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ) እንዲገጠምለት የሰጠሁት ጊታር መቼ እንደገባ፣ ስንት እንደከፈልኩና ስንት ጊዜ ‹‹ነገ ይደውሉ›› እንደተባልኩ አልዘረዝርም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የሐሙሱ ጉዳይ ነው።

ቃልዎ አጭርና ግልጽ ነበር። ‹‹ሐሙስ 10 ሰዓት ይምጡ፤ አምፕ ላይ ሰክተን እናሰማዎታለን፣ ደስ ሲልዎት ይወስዱታል›› አሉኝ። በትዕዛዙ ግርጌም ‹‹በአምፕ ተፈትኖ የሚረከብ›› ብለው በራስዎ እጅ ጽፈዋል። ሐሙስ 10 ሰዓት ከ5 ላይ ደረስኩ። ባለሙያው ጊታሩን ከነቦርሳው ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ‹‹አልቋል›› አለኝ። እስቲ ይሰካልኝ አልኩ። ‹‹መብራት የለም›› አለ። ከጭንቅላቱ በላይ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ቀና ብዬ ሳየው እሱም ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ነገሩ ‹‹ማለቴ፣ አምፑ ለሰርግ ወጥቷል›› ሆነ። ከኋላው መደርደሪያ ላይ ሦስት አዳዲስ አምፕሊፋየሮች ተደርድረው ነበር፤ ስጠቁመው ‹‹እነሱማ የሚሸጡ ናቸው›› አለ። በመጨረሻ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ከመሳቢያ አወጣ፣ በሁለቱ ጫፎች ጃኩን (የጊታሩን የገመድ መሰኪያ) ነካ፣ 7.85 ኪሎ ኦም የሚለውን ቁጥር ወደ እኔ አዞረና ‹‹ወንድሜ፣ ቴስተር አይዋሽም›› አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ተመልሼ ድምፁ መቅጠኑን፣ እምምታውም መባሱን ስነግረው ደግሞ ያንኑ ቁጥር ዳግም አሳየኝና፣ ሁለት ደንበኞች ቆመው እየሰሙ፣ ‹‹እንግዲህ ጆሮህን ታከም›› አለ።

ቴስተሩ እውነትም አልዋሸም። የተጠየቀውን መልሷል፤ ጥያቄው ነው የተሳሳተው። ባለሙያው ጆሮዬን ከማሳከም የሚቀለውን ነገር እንዲያውቅ ነገሩን ከሥሩ ልግለጸው።

የኔ ፒካፕ ሃምባከር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሃምባከር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ኮይሎች (የሽቦ ጥቅሎች) ናቸው። አንዱ ከሌላው በማግኔት ዋልታውም በአዟዟሩም ተቃራኒ ነው። የክሩ ድምፅ ከሁለቱም ተደምሮ ይወጣል፣ ከመብራት መስመር የሚገባው የ50 ኸርዝ እምምታ ግን እርስ በርሱ ይጣፋል። ሰት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ለጊብሰን ሲሠራው የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ስሙም (‹‹እምምታን የሚቋቋም›› እንደማለት) ከዚያ የመጣ ነው። ታዲያ አንዱ ኮይል ተገልብጦ ሲበየድ ሥራውም ይገለበጣል፤ እምምታው ይደመራል፣ የክሩ ድምፅ ይጣፋል። መጀመሪያ የሚጠፋው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ሁለቱ ኮይሎች 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚራራቁ የክሩ ረጅም ንዝረት ለሁለቱም አንድ ሆኖ ይደርሳል፤ አንድ የሆነ ነገር ሲቀናነስ ምንም አይተርፍም። የሚቀረው በአፍንጫ የሚወጣ ዓይነት ቀጭን ድምፅ ነው። 6ኛው ክር በኪስ ሬዲዮ የሚሰማ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ኦሙ፣ ማለትም ቴስተሩ የሚለካው የሽቦው ተቃውሞ፣ አይለወጥም። አንዱ ኮይል 4.0፣ ሌላው 4.1 ኪሎ ኦም ነው፤ ቀጥ ብሎም ተገልብጦም በተከታታይ ሲበየድ 8.1 ነው። መንገድ ስትሄድበትም ስትመለስበትም ርዝመቱ ያው ነው። ስለዚህ ያ ቁጥር ሽቦው እንዳልተበጠሰ ከማሳየት ያለፈ ስለ አቅጣጫው የሚናገረው የለም። ይህን ጆሮ ወይም አምፕ ነው የሚናገረው፤ ለዚህም ነበር በአምፕ ይፈተን ብዬ ያስጻፍኩት።

ስህተቱ የት እንደተሠራም ታውቋል። የጀርባውን ክዳን ከፍቼ አይቻለሁ፤ ዋስትናዬን እንዳታፈርሱብኝ ብዬ ብየዳውን አልነካሁም። ጥቁሩ ሽቦ ወደ ስዊቹ ሄዷል፣ ቀዩና ነጩ አንድ ላይ ተበይደው በናስትሮ ተጠቅልለዋል፣ አረንጓዴውና እርቃኑ ግራውንድ ላይ ናቸው። ይህ ሲሞር ደንከን የተባለው የፒካፕ ፋብሪካ የቀለም አወጣጥ ነው። የኔ ፒካፕ የሌላ ፋብሪካ፣ የዲማርዚዮ ነው፤ ካርቶኑንም ሥዕሉንም ከነፒካፑ አስረክቤያለሁ። በዲማርዚዮ ወደ ስዊቹ የሚሄደው ቀዩ ነው፣ አንድ ላይ የሚበየዱት ጥቁሩና ነጩ ናቸው፣ አረንጓዴውና እርቃኑ ግራውንድ ናቸው። ቀይና ጥቁር የአንዱ ኮይል ሁለት ጫፎች ስለሆኑ፣ የአንዱን ፋብሪካ ሥዕል በሌላው ላይ ሲሠሩበት ያ ኮይል ብቻውን ይገለበጣል። ከሁሉም የሚያበሽቀኝ አረንጓዴው በሁለቱም ፋብሪካ ግራውንድ መሆኑ ነው፤ ግማሹ ስለሚገጥም ችኩል ባለሙያ ሁሉም የገጠመ ይመስለዋል።

አላምን ካላችሁ ጊታሩ እንደገባ ቴስተሩን አውጡና (ያንኑ የማይዋሸውን) ስዊቹን ወደ አንገቱ ፒካፕ መልሱት፤ አዲሱ የብሪጁ ፒካፕ (ክሮቹ በሆዱ ላይ ከሚያርፉበት አጠገብ ያለው) ከሌላው እንዲለይ ነው። ቴስተሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርጉት። የቴስተሩን ቀይ ጫፍ በጥቁሩ ሽቦ፣ ጥቁር ጫፉን ናስትሮው ሥር ባለው መገናኛ ላይ ያዙ። ከዚያ የብረት ካቻቢቴ በፒካፑ ብሎኖች ላይ አሳርፉና ድንገት አንሱት። ስታነሱት ቁጥሩ ለቅጽበት ከፍ ይላል ወይም ዝቅ ይላል፤ የትኛው እንደሆነ ጻፉት። ቀጥሎ ቀይ ጫፉን መገናኛው ላይ፣ ጥቁር ጫፉን አረንጓዴው ላይ አድርጉና በሁለተኛው ኮይል ላይ ድገሙት። በትክክል በተበየደ ሃምባከር ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ። በኔው አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ አምፕም መብራትም አይፈልግም።

ከተነሳ አይቀር ስለዚያች 7.85ም ልናገር። ፒካፑ ለብቻው 8.1 ነው። ቮልዩሙ ሙሉ ተከፍቶ ከጃኩ ሲለካ የፖቱም (የቮልዩም መቆጣጠሪያው) ኦም በትይዩ ስለሚገባ፣ ፖቱ 500 ኪሎ ኦም ከሆነ 7.97፣ 250 ከሆነ 7.85 መነበብ አለበት። በዚህ ብቻ አልፈረድኩም፣ ክፍሉ በ4 ዲግሪ ቢቀዘቅዝም የመዳቡ ኦም ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ክዳኑን ስከፍት ግን ፖቱ ላይ ‹‹ቢ250ኬ›› የሚል ጽሑፍ አለ። አሮጌው ይንኮሻኮሻልና ይቀየር ስል ኤ500ኬ ብዬ በትዕዛዙ ላይ አስጽፌያለሁ። 250 ለሲንግል ኮይል (አንድ ኮይል ብቻ ላለው ፒካፕ) ነው፤ ሃምባከር ላይ ሲገባ ብሩሁን ድምፅ እያፈሰሰ ያደፈርሰዋል። ‹‹ቢ›› ማለትም ቀጥተኛ ነው፤ ቮልዩሙን ከላይ ጀምሮ ስታወርዱት ለውጡ ትንሽ ነው፣ ታች ሲደርስ ግን ድንገት ዘጭ ይላል። በትዝታ ቀስ እያሉ ድምፅ ለሚያወርዱ ሰዎች ይህ ፖት ከጌጥ አያልፍም። እኔ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ባለሙያው ለመከራከሪያ ያወጣው ቁጥር ራሱ ስህተቱን ያሳብቅበት ነበር፣ ግን አላነበበውም።

ስለ ፒካፑ አመራረጥም በዚያን ጊዜ ዝም ያልኩትን አሁን ልናገር። የሽያጭ ሠራተኛችሁ ‹‹8 ኪሎ ኦም ደካማ ነው፣ 16 ይውሰዱ›› እያለ ሲወተውተኝ ነበር። ኦም የጉልበት መለኪያ አይደለም። ሽቦው ሲቀጥን ኦሙ ይጨምራል፤ 42 ቁጥር ሽቦ 0.063 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ 44 ደግሞ ከዚያ ይቀጥናል፣ በተመሳሳይ ዙር ቁጥሩን ያሳብጠዋል። ማግኔቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ይህ ጊታር በትንሽ ወርክሾፕ በእጅ የተሠራ፣ ሆዱ በከፊል ክፍት የሆነ ቀላል ማሆጋኒ ነው፤ ባቲና አንቺሆዬ በንጹሕ ድምፅ ሲጫወቱበት የእያንዳንዱ ክር አጀማመር መለየት አለበት። መካከለኛ ጉልበት ያለው፣ ማግኔቱ አልኒኮ 5 የሆነ ፒካፕ የተመረጠው ለዚህ ነው። ለኃይለኛ ዲስቶርሽን የተሠራውን ሴራሚክ ብወስድ ዛሬ የማማርረው ሌላ ይሆን ነበር።

መጀመሪያ ያስመጣችሁልኝም የብሎኖቹ ስፋት 49 ሚሊ ሜትር የሆነ ነበር። የዚህ ጊታር ክሮች በብሪጁ ፒካፕ ላይ ከዳር እስከ ዳር 52 ናቸው፤ 1ኛውና 6ኛው ክር ከብሎናቸው መሐል በ1.5 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣሉ። ሰፊው ዓይነት እንዲመጣ ልኬቱን በወረቀት ሰጥቼ ነበር፤ ወረቀቱ ጠፋ ተባልኩ። ስደውል ደግሞ ስልክ ያነሱት እህት ‹‹የፒካፑ ሞዴል የስንት ዓመት ነው? ዲዝል ነው ቤንዚን?›› ብለው ጠየቁኝ። በእርሳቸው አልፈርድም፤ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ መሆኑን ግን ቢነገራቸው መልካም ነው።

የክሩም ውፍረት 10–46 ተብሎ ሳለ ቀጭኑ 9–42 ተገጥሟል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ ታችኛዎቹ ፍሬቶች ይንጫረራሉ። የፒካፑ ቀለበት አንድ ብሎን ጭንቅላቱ ተላልጧል፣ ከጎኑም ካቻቢቴ ያመለጠበት ወደ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጭረት አለ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የቆመበት ማቆሚያም ጎማ የለበሰ ነው። የጊታሩ ቀለም ናይትሮ የሚባለው ስስ ቫርኒሽ መሆኑን ስንገናኝ ተናግሬያለሁ፤ አንዳንድ ጎማና ፕላስቲክ ናይትሮን ያለሰልሰዋል፣ ወይም ቀለሙን ያጠፋዋል። አንገቱ ጀርባ ላይ የደበዘዘ ቀለበት የመሰለ ምልክት ይታያል። ማቆሚያው በጥጥ ጨርቅ ቢጠቀለል ይበቃ ነበር።

መጀመሪያ ልጠይቅ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ቦታ ይለዋወጡ። ሁለት ብየዳ ነው። ከ‹‹ጆሮህን ታከም›› በኋላ ግን ጥያቄዬ በዚህ አያበቃም። ፖቱ በኤ500ኬ ይቀየርልኝ። ክሩ 10–46 ተገጥሞ አንገቱ ይስተካከል። የመጨረሻው ፍሬት ተይዞ ከፒካፑ እስከ 1ኛው ክር 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲሆን ከፍታው ይለካ፤ አሁን ከ3 ይበልጣል። የእጅ ዋጋው ይመለስልኝ፣ ምክንያቱም የተከፈለበት ሥራ አልተሠራም። ለጭረቱ ምን እንደምታደርጉ በጽሑፍ አሳውቁኝ። በፓራጎን የተጻፈችልኝ ወረቀትም በካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ትተካ። ባለሙያውም ያንን ቃል በሰው ፊት ስለተናገረ ይቅርታውን በሰው ፊት ይበል።

ይህ በአንድ ሳምንት ካልተፈጸመ ትዕዛዙን፣ ወረቀቷንና የብየዳውን ፎቶ ይዤ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ እሄዳለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ጆሮው ጤነኛ የሆነ ይሁን ያልሆነ አይለይም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ጊታሩን ይዤ እመጣለሁ። አምፕ እንዳያስቸግራችሁ የራሴን በባጃጅ ጭኜ አመጣለሁ፤ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ሶኬት ብቻ ነው። መብራት ከሌለ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

ማሳሰቢያ ለባለሙያው፦ አረንጓዴውና እርቃኑ ሽቦ ባሉበት ይቆዩ። እነሱ ልክ ናቸው።